አርብ ማታ ሦስተኛው ዙር፦ ስንት ለስንት ትላላችሁ?

የጋርላንዱ አባት
ማክሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁም። ዳላስና አካባቢው ያላችሁ፣ በተለይ የሃይስኩል ፉትቦል የምትከታተሉ፣ ግምታችሁን ፈልጌ ነው የመጣሁት። የአሜሪካኑን ፉትቦል ማለቴ ነው።

ልጄ ይጫወታል። 11ኛ ክፍል ነው፤ ኪከር ነው፣ ኳሷን በእግሩ የሚመታው መቺ ማለት ነው። እስከ 8ኛ ክፍል የኛኑ ኳስ ነበር የሚጫወተው፣ ከዚያ የፉትቦሉ አሰልጣኝ እግሩን አይቶ ወሰደው። ባለፈው አርብ፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ የጥሎ ማለፉን ሁለተኛ ዙር 31 ለ 28 አለፍን። የመጨረሻዋን ሦስት ነጥብ ያገባት እሱ ነው፣ ከ38 ያርድ። እናቱ ክንዴን ጨምድዳ ይዛኝ ነበር። ኳሷ መጀመሪያ ወደ ቀኝ የሄደች መሰለኝ፣ ከዚያ ታጥፋ የግራውን ቋሚ ተጠግታ አለፈች። ዳኞቹ ሁለቱም እጃቸውን እስኪያነሡ አልተነፈስንም።

አሁን ሦስተኛው ዙር ነው። አርብ ማታ በ7 ሰዓት፤ ማለትም በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት። ተጋጣሚዎቻችን 12 ተጫውተው 12ቱንም አሸንፈዋል። እኛ 10 አሸንፈን 2 ተሸንፈናል። የትምህርት ቤቶቹን ስም አልጽፍም፣ ልጆች ስለሆኑ። እኛን ቀዮቹ፣ እነሱን ሰማያዊዎቹ ልበላቸው።

የኛ ቡድን ኳስ ይዞ በመሮጥ ነው የሚታወቀው። ፊት ያሉት አምስቱ ትልልቅ ልጆች በጣም ጎበዞች ናቸው። ኳርተርባካችን፣ ኳሷን የሚወረውረውና ጨዋታውን የሚመራው ልጅ፣ ግን ባለፈው ሳምንት ቁርጭምጭሚቱን ወለም ብሎት ሁለተኛውን አጋማሽ እያነከሰ ነው የጨረሰው። ዛሬ ልምምድ ላይ ቀስ እያለ ሲሮጥ አየሁት። ሰማያዊዎቹ ደግሞ ዳር ላይ ሁለት የሚበሩ ልጆች አሏቸው፤ ኳስ ከተወረወረላቸው በኋላ የሚይዛቸው የለም። ሁለታችንም የተጫወትነው አንድ ቡድን አለ። እነሱ 42 ለ 14 አሸነፉት። እኛ 28 ለ 24 ነው ያሸነፍነው፣ ያውም በመከራ።

ማን ያሸንፋል? ስንት ለስንት? እባካችሁ እኔን ደስ ለማሰኘት ብላችሁ አትጻፉ።


ቁጥር 54 የነበረው
ማክሰኞ ማታ

ጋሼ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። እኔ እዚሁ ዳላስ አካባቢ ተጫውቻለሁ፣ ላይንባከር፣ ማለትም ተከላካይ ነበርኩ። ከጨረስኩ አምስት ዓመቴ ነው። እኛም ሦስተኛው ዙር ላይ ነው የወጣነው።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ሰማያዊዎቹ ይበልጣሉ። 12ቱንም ማሸነፍ በአጋጣሚ አይሆንም። ግን አንድ ነገር አለ። ጨዋታዎቻቸውን ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ፣ አብዛኛውን ገና በእረፍት ሰዓት ነው የጨረሱት። አራተኛውና የመጨረሻው ኳርተር ላይ ሦስት ነጥብ ተመርተው፣ እግራቸው ዝሎ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እየጮኸ የተጫወቱበትን ጨዋታ እኔ አላገኘሁም። ቀዮቹ ግን ሦስቱን ወይም አራቱን ጨዋታ እንደዚያ ነው ያሸነፉት። ይሄ በቁጥር አይታይም፣ ሜዳ ላይ ግን ይታያል።

ቀዮቹ የሚያሸንፉበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፦ ኳሷን ይዞ መቆየት። አንድ ኳርተር 12 ደቂቃ ነው። አራት ሙከራ ተሰጥቶህ አሥር ያርድ ከሄድክ ሌላ አራት ይሰጡሃል። አራት አራት ያርድ እየሮጡ ከሄዱ ሰባት ስምንት ደቂቃ ኳሷን ሳይለቁ መቆየት ይችላሉ። ያኔ እነዚያ ሁለት ፈጣን ልጆች መስመር ዳር ቆመው ውሃ ይጠጣሉ እንጂ ታችዳውን (ኳሷን ይዞ መጨረሻው መስመር ውስጥ መግባት፣ ስድስት ነጥብ ነው) አያገቡም። የኳርተርባኩ ቁርጭምጭሚት የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው። ለመወርወር አይደለም፤ በሦስተኛው ሙከራ ሁለት ያርድ ሲፈለግ ራሱ ይዞ እንዲገባ ነው።

ግምቴ፦ ሰማያዊ 34፣ ቀይ 27።

እኛ የተሸነፍን ዕለት አውቶቡስ ውስጥ አንድም ሰው አልተናገረም። ሞተሩ ብቻ ነበር የሚሰማው። 12ኛ ክፍል ነበርኩ፣ ከዚያ በኋላ እንደማልጫወት አውቅ ነበር። እጄ ላይ የተጠመጠመውን ነጭ ፕላስተር እስከ እሑድ አላወለቅኩትም፣ እናቴ ናት በመቀስ የቆረጠችው። ልጅዎ ገና አንድ ዓመት ስላለው ደስ ብሎኛል።


የመንታዎች እናት
ረቡዕ ጠዋት

ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። የኔ ልጆች ገና 7ኛ ክፍል ናቸው፣ የወንድሜ ሚስት ፈረንጅ ናት፣ እሷ ናት በየአርቡ እየወሰደች ጨዋታውን ያስለመደችኝ። ስለ ስልቱ ብዙ አላውቅም። ቀዮቹን ግን ሁለት ጊዜ አይቻቸዋለሁ፣ ሲመሩ አይዝናኑም፣ ሲመሩባቸውም አይደነግጡም። ግምቴ 24 ለ 23፣ ቀዮቹ። የመጨረሻዋን ደግሞ ያንተ ልጅ ያገባታል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ ግን። ሰኞ ጾም ገብቷል። ልጁ ይጾማል? የኔዎቹ ዘንድሮ እንጾማለን ብለውኛል፣ ልምምዳቸው ከባድ ነውና ምን ላብላቸው እያልኩ ነው። አሰልጣኙስ ምን ይላል?


ከሲያትል
ረቡዕ ቀን

እኔ እንኳ ሩቅ ነኝ፣ ግን እያነበብኳችሁ ነው። የኔ ልጅም ይጫወታል፣ ጨዋታው ላይ የሚመጣው ግን ወላጅና ጓደኛ ብቻ ነው። ቴክሳስ ላይ ለምንድነው ይሄን ያህል ነገሩ የሚካበደው? የሃይስኩል ጨዋታ አይደለም እንዴ? ለማወቅ ፈልጌ ነው፣ ክፉ አታስቡብኝ።


ነባሩ ዳላስ
ረቡዕ ማታ

የሲያትሉ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። እኔ ዳላስ ከገባሁ 30 ዓመት አልፎኛል፣ መጀመሪያ ያንተው ጥያቄ ነበረኝ።

አለን የምትባል ከተማ አለች፣ ከዚህ በስተ ሰሜን። እዚያ ያለው ሃይስኩል 18,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም አለው። 60 ሚሊዮን ዶላር ነው የፈጀው፣ በፈረንጆቹ 2012 ነው የተከፈተው። የአንድ ሃይስኩል ስታዲየም ነው እንግዲህ። የግዛቱ ፍጻሜ ደግሞ ታኅሣሥ ላይ አርሊንግተን፣ የዳላሱ ፕሮፌሽናል ቡድን ካውቦይስ የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ነው የሚደረገው። እዚያ ለመድረስ በትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ምድብ አምስት ዙር ማለፍ አለብህ፣ ፍጻሜው ስድስተኛው ነው። አንድ ቀን ከተሸነፍክ አለቀ። መልስ ጨዋታ የሚባል የለም።

አሁን ወደ ግምቱ። ግምት ከመስጠቴ በፊት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ በቁጥር ብቻ መገመት ትቻለሁ።

በ1994፣ ኖቬምበር 26፣ ልክ እንዳሁኑ የታንክስጊቪንግ (የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል) ሰሞን፣ ፕላኖ ኢስትና ጆን ታይለር ጥሎ ማለፍ ገጠሙ። አርቪንግ፣ በዱሮው ቴክሳስ ስታዲየም። አሁን ፈርሷል። ጆን ታይለር ከዳላስ በስተ ምሥራቅ ካለችው ታይለር ከተማ ነው፤ ዛሬ ስሙ ታይለር ሃይስኩል ሆኗል። ሦስት ደቂቃ ገደማ ሲቀር ጆን ታይለር 41 ለ 17 ይመራ ነበር። ሰው ወደ መኪናው መሄድ ጀምሯል።

እኔ ያኔ ታክሲ ነበር የምነዳው። በማግስቱ እሑድ ጠዋት ከሆቴል ወደ ኤርፖርት የጫንኩት ሰውዬ ስታዲየም ውስጥ ነበር። ኋላ ተቀምጦ ወደ ፊት ተንጠራርቶ፣ ጣቱን ትከሻዬ ላይ እየቆጠረ ነው የነገረኝ። ፕላኖ ኢስት አንድ ታችዳውን አገቡ። ከዚያ ኳሷን ለተጋጣሚ ሲመልሱ ሩቅ መምታት ትተው አጭር መቷት፣ ራሳቸው ያዟት። አገቡ። እንደገና አጭር መቷት፣ ያዟት። አገቡ። ሦስተኛም! ሦስቴ በተከታታይ። 24 ሰከንድ ሲቀር 44 ለ 41 መሩ። ሰውየው እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ፤ የፕላኖ ኢስት ሰው ነበርና። ከዚያ ኳሷን ሩቅ መቷት። የጆን ታይለሩ ሮደሪክ ደን ተቀብሎ 97 ያርድ ሮጦ አገባ። 48 ለ 44። ጆን ታይለር በዚያ ዓመት ዋንጫውን ወሰደ።

ቪዲዮው ዛሬም ኢንተርኔት ላይ አለ። ተንታኞቹ ራሳቸው ሲያብዱ ትሰማላችሁ። ልጁን አሳየው፣ የጋርላንዱ ወንድሜ። ያን ጨዋታ ከላይ እስከ ታች የወሰኑት ምቶች ናቸው። የመቺ አባት ነህና ይሄን ብታውቀው ይጠቅምሃል።

ግምቴ 38 ለ 35፣ ቀዮቹ። መሪው ሦስትና አራት ጊዜ ይቀያየራል ብዬ ነው።


የጋርላንዱ አባት
ሐሙስ ከሰዓት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ነባሩ፣ ቪዲዮውን ትናንት ማታ አብረን አየነው። ልጁ ሦስተኛዋን አጭር ምት አራት ጊዜ መልሶ አያት። «አባዬ፣ ኳሷን እንዴት እንደሚያነጥራት እይ» አለኝ። መጀመሪያ መሬት ላይ ይመታታል፣ ከዚያ ከፍ ብላ ትነሣለች። ዛሬ ጠዋት ልምምድ ላይ ሞክሯታል።

አዎ፣ ዛሬ በታንክስጊቪንግም ልምምድ ነበራቸው። በበዓሉ ጠዋት ልምምድ ላይ መገኘት እዚህ ትልቅ ክብር ነው፤ እስካሁን አልወጣንም ማለት ነው። ወላጆች ቡና ይዘን አጥሩ ጋ ቆምን። ከጎኔ የነበረው የኳርተርባኩ አባት ነው፣ ሜክሲካዊ ነው፣ ብዙ እንግሊዝኛ አይችልም። ልጁ በሙሉ ፍጥነት ሮጦ ሲያልፍ ትከሻዬን ያዘና ነቀነቀኝ። ስለዚህ ቁርጭምጭሚቱ ደህና ነው በሉ።

እህቴ፣ ስለ ጾሙ ለጠየቅሽው፣ ይጾማል። የንስሐ አባታችንን ጠይቀን ነው። ልምምድ ባለበት ቀን ከሰዓቱ ላይ አታክብዱበት፣ ከሥጋና ከወተት ግን ይከልከል አሉን። እናቱ ጠዋት በሶ በማር በጥብጣ ትሰጠዋለች፣ ትምህርት ቤት ቴምርና ለውዝ ይዞ ይሄዳል፣ ማታ ምስርና ሩዝ። የጨዋታ ቀን ሽሮ አይበላም፣ ይከብደኛል ይላል። አሰልጣኙ መጀመሪያ ተጨንቆ ነበር። አሁን የቡድኑ ምሳ ሲታዘዝ ለሱ ለብቻው ባቄላና ሩዝ ያስመጣለታል፣ እኛ ሳንጠይቀው።

አንድ ነገር ደግሞ ለወላጆች ልጨምር። እዚህ ቴክሳስ ከፈረንጆቹ 1984 ጀምሮ ሕግ አለ፣ በትምህርት ከ70 በታች ያመጣ አይጫወትም። ቤታችን ውስጥ ሒሳብ የሚሠራው በዚህ ሕግ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እንኳንም ኖረ።

የኔም ግምት ይኸው። ቀይ 27፣ ሰማያዊ 24። ልቤ ብቻ አይደለም የሚለው። ቁጥር 54 እንዳለው ኳሷን ይዘው ከቆዩ ሰማያዊዎቹ ከአራት ታችዳውን በላይ አያገኙም ብዬ ነው።


ክላሪኔቷ
ሐሙስ ማታ

እኔ በሌላው ወገን ነኝ፤ ልጄ የሰማያዊዎቹ ትምህርት ቤት ባንድ ውስጥ ክላሪኔት ትጫወታለች። ዘንድሮ አንድም ጨዋታ አልቀረብኝም። የኔ ግምት 41 ለ 24፣ ሰማያዊ።

የምጽፈው ግን ለሌላ ነው። እውነተኛ ግምት ነው የፈለግከው። እንግዲህ የኛን ድክመት እኔ ልንገርህ፣ አሰልጣኞቻችሁ መቼም አይተውታል። መቺ የለንም። የነበረው ልጅ ጥቅምት ላይ ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ ታችዳውን ባገባን ቁጥር አንዷን ተጨማሪ ነጥብ መምታት ትተን ለሁለት ነጥብ እንሮጣለን፣ ግማሹን እናገኘዋለን፣ ግማሹን አናገኘውም። 30ኛው ያርድ ላይ አራተኛ ሙከራ ከደረሰብን ምርጫ የለንም፣ እንሄዳለን። እስካሁን አልጎዳንም፤ በሰፊ ስለምናሸንፍ። ጨዋታው ከጠበበ ግን ያስፈራኛል።

ልጆቻችን በጣም ጨዋዎች ናቸው። ባለፈው ሳምንት ካሸነፉ በኋላ የተሸነፉትን አንድ በአንድ ከመሬት እያነሡ ሲያቅፉ አየሁ። ማንም ቢያሸንፍ ከጨዋታው በኋላ ባንዱ ጋ ኑ። ድፎ ዳቦ ይዤ እመጣለሁ፣ የጾም ነው። ልጁን ላየው እፈልጋለሁ።


ቁጥር 54 የነበረው
ሐሙስ ሌሊት

ይሄ ሁሉን ነገር ይቀይረዋል። መቺ እንደሌላቸው አላወቅኩም ነበር፣ ያየሁት ቪዲዮ የመስከረም ነው።

እስቲ አስቡት። ልጁ ሲመታ ኳሷ ከቆመችበት ያርድ ላይ 17 ይደመራል። 21 ላይ ከሆነች ምቱ 38 ነው፤ ባለፈው አርብ ያገባት ማለት ነው። እኩል ከወጡ ደግሞ ተጨማሪው ሰዓት ከ25 ያርድ ነው የሚጀምረው፤ አንድ ያርድ ወደ ፊት ባይሄዱ እንኳ የ42 ያርድ ምት ይኖራቸዋል። ሰማያዊዎቹ ያ የላቸውም፣ የግድ ታችዳውን ማግባት አለባቸው።

ግምቴን ቀይሬያለሁ። 30 ለ 28፣ ቀይ። ጋሼ፣ ለአንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፣ ለነገ የአየሩን ትንበያ አይታችኋል? ከሰሜን ንፋስ ይመጣል እያሉ ነው።


የጋርላንዱ አባት
አርብ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ንፋሱ መጥቷል። ጠዋት በሸሚዝ ነበር የወጣሁት፣ አሁን ከመኪናዬ ጃኬት አውጥቼ ለብሻለሁ። ከሥራ ቦታዬ ፊት ለፊት ያለው ባንዲራ ልክ እንደ ጣውላ ተዘርግቶ ቀጥ ብሏል፣ ወደ ደቡብ። ስታዲየሙ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተሠራ ነው፤ አንደኛው ግብ ንፋሱ ፊት ለፊቱ፣ ሌላው ከጀርባው ነው ማለት ነው።

ልጁን ደወልኩለት። «አባዬ፣ አውቃለሁ» አለኝ። ከጀርባው ከሆነ እስከ 47 ያርድ፣ ፊት ለፊት ከሆነ ግን 33 እንደሚችል ለአሰልጣኙ ነግሮታል። አሰልጣኙም ወረቀቱ ላይ ጽፎታል። በየኳርተሩ ጎን ስለሚቀያየሩ የመረጣ ዕድል ከደረሳቸው ሦስተኛውን ኳርተር ንፋሱን ፊት ለፊት ተቀብለው አራተኛውን ከጀርባ ለማድረግ ነው ሐሳባቸው። ይሄን የ16 ዓመት ልጅ በረጋ ድምፅ ሲነግረኝ ደስ አለኝ።

ንፋስ ካለ ሰማያዊዎቹም እንደ ልባቸው አይወረውሩም። ሁለታችንም ብዙ አናገባም። ስለዚህ ግምቴን ዝቅ አድርጌያለሁ፦ ቀይ 20፣ ሰማያዊ 18። 18 ያልኩት ሦስት ታችዳውን አግብተው ሦስቱንም የሁለት ነጥብ ሙከራ ይስታሉ ብዬ ነው።

ክላሪኔቷ እህቴ፣ ባንዱ ጋ እንመጣለን። እኔ ቀይ ኮፍያ፣ እናቱ ነጠላ ትለብሳለች፣ ታውቂናለሽ። ቲኬቱ በስልክ ብቻ ነው የሚሸጠው፣ በር ላይ የለም፤ የምትመጡ ሁሉ ቀድማችሁ ግዙ። ብርድ ልብስ ያዙ። እኔ አሁን ወጣሁ።